አጎት ቤን ስንት ጊዜ ይሙት?

በ2002 የስፓይደርማን አጎት ቤን ሲሞት ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን ከልባችን አዝነናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2012 ያው ቤን በማርቲን ሺን መልክ እንደገና ሲሞት ግን ሰዓታችንን አየን። ሸረሪቷ ደግማ ነከሰች፣ ልጁ ግድግዳ መውጣት ደግሞ ተማረ። ከሳም ሬሚ ሦስተኛ ፊልም በኋላ እኮ ገና አምስት ዓመቱ ነበር!

"ሪቡት" ይሉታል፤ የነበረውን እንዳልነበረ ቆጥሮ ሀ ብሎ መጀመር። ምክንያቱም ከታሪኩ ይልቅ ውሉ ላይ ይገኛል። ሶኒ የፊልም መብቱን ከማርቭል የወሰደው በየጊዜው ፊልም እንዲያወጣ በሚያስገድድ ውል ነው። በ2010 የሬሚ አራተኛ ፊልም ሲሰረዝ ሬሚም ቶቢ ማጓየርም ወጡ፤ ውሉ ግን ይጠብቃል። ጉልቻው ተቀየረ፣ ወጡ ያው።

ሪቡት በጅምላ አንጠላም። ጄምስ ቦንድ ሃያ ፊልም ከሠራ በኋላ በ2006 "ካሲኖ ሮያል" ላይ የመግደል ፈቃድ ገና ያገኘ፣ የሚሳሳትና የሚከዳ ሰው ሆኖ መጣ። (ጁዲ ዴንች በድሮውም በአዲሱም አለቃው ናት። ማን ከቁም ነገር ቆጠረው?) ያ ፊልም ጥያቄ ነበረው፦ ይህ ሰው እንዴት እንዲህ ቀዘቀዘ? የ2012ቱ ስፓይደርማን የወላጆቹን ምስጢር ሊነግረን ጀምሮ በ2014 ሁለተኛው ፊልም ላይ ተቋረጠ።

ቶም ሆላንድ በ2016 ሲመጣ ሸረሪትም ቀብርም አላሳዩንም። ታውቁታላችሁ ብለው አመኑን። ደስ አለን። በ2021 ደግሞ ሦስቱም ስፓይደርማኖች አንድ ፊልም ላይ ተገናኙ። አንድሪው ጋርፊልድ፣ በ2014 ግዌንን ከውድቀት ማዳን ያቃተው፣ ኤምጄን ከአየር ላይ ሲቀልባት ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የእኛም። ግዌንን ለማያስታውስ ተመልካች ያ ትዕይንት ባዶ ነው። ስቱዲዮው ዘግቶ የተወውን ታሪክ እኛ ሰባት ዓመት ይዘነው ቆይተናል፤ ትኬቱን የሸጡልንም በዚያው ትዝታችን ነው።

እርግጥ አንድ የሚያስቸግረን ነገር አለ። ያ የተሰላቸንበት የ2012 ጅማሬ ባይኖር ጋርፊልድም፣ ያ እንባም አይኖሩም ነበር። ይሁን፣ ተቀብለናል። አጎት ቤንን ግን ተዉልን።