ኮረብታውን የከፈቱት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው

በሰሜን እንግሊዝ ከቦልተን ከተማ በላይ ዊንተር ሂል የሚባል 456 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። እንግሊዞች ሙር ከሚሉት ወገን ነው፤ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ የሚገርፈው፣ ከሥሩ ጥቁር ረግረግ የተኛበት ደጋ። የእግር ተጓዥ ቡድኖች ወደዚህና ወደ መሰሎቹ ኮረብታዎች ይወጣሉ፤ ብዙዎችም የሚያዩትን የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ይሉታል። ይህ አባባል እውነት አይደለም፤ በደልም አለበት። ሙሩን ያቆሰለው የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ነው፤ ለሕዝብ እንዲከፈት የታገሉለትም በብዛት የዚያው ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ሰው አስከትሎ ወደዚያ የሚወጣ መሪ የፋብሪካውንና የማዕድኑን ታሪክ የጉዞው ዋና ጉዳይ ሊያደርገው ይገባል።

ዊንተር ሂል ራሱ ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በኮረብታው ላይ ከሰል ይቆፈር፣ ድንጋይ ይፈለጥ ነበር፤ ከታች ያለችው ቦልተን ደግሞ በጥጥ የምትኖር ከተማ ነበረች። የጨርቅ ማንጫ ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ኮሎኔል ሪቻርድ ሄንሪ አይንስዎርዝ ለወፍ አደን እንዲመቻቸው ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን መንገድ በበር ዘጉት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1896 ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ከከተማው ተነሥቶ በሩን ሰብሮ አለፈ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሠራተኛው ሙሉ ቀን የሚያርፍበት ሌላ ቀን አልነበረውም። ኮሎኔሉ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደው በ1897 ረቱ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንገዱ የተዘጋው ከሩቅ በመጣ መስፍን ሳይሆን ከፋብሪካ በተገኘ ሀብት መሆኑ ነው። የቦልተን ሕዝብ ስድስት ቀን በጭስ ውስጥ እየሠራ ያፈራው ትርፍ፣ በሰባተኛው ቀን ንጹሕ አየር እንዳያገኝ በር ሆነበት። ይህን ሳያውቅ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ኪንደር ስካውት በሚባለው ሌላ ሙር ላይ የሆነው ይበልጥ ይታወቃል። ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከማንቸስተር የመጡ ወጣት ሠራተኞችና ሥራ አጦች፣ ሄይፊልድ አጠገብ በሚገኝ የድንጋይ ካባ ተሰብስበው ወደተከለከለው ሙር ወጡ። አስተባባሪያቸው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት መካኒክ ነበር። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። አንድ ሰልፍ ብቻውን ሕግ አወጣ ለማለት አይቻልም፤ የፓርላማ አባሉ ጄምስ ብራይስ በ1884 ተራሮችን ለሕዝብ የሚከፍት የሕግ ረቂቅ አቅርቦ አልተሳካለትም፤ ክርክሩ ረጅም ነበር። ሆኖም በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ጸደቀ፤ በ1951 ኪንደርን ያቀፈው ፒክ ዲስትሪክት የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የ2000ው ሕግም በእንግሊዝና በዌልስ ክፍት ተራራና ሙር ላይ በእግር የመዘዋወርን መብት ሰጠ። ዛሬ ማንቸስተር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኢዴል ላይ ከባቡር ወርዶ ማንንም ሳያስፈቅድ ኪንደር ላይ የሚወጣው በዚህ መብት ነው።

ሰው ወደ ተራራ የሚሄደው ለማረፍ ነው፣ ስለ ጭስ ማውጫና ስለ ደመወዝ ለመስማት አይደለም የሚሉ አሉ። የማረፍ ፍላጎቱን አልነቅፍም፤ በ1896 የወጡትም ዕረፍት ነበር የፈለጉት። ነገር ግን ተፈጥሮውን ብቻ እንይ ብንል እንኳ ከኢንዱስትሪው ማምለጥ አይቻልም። ስፋግነም የሚባለው፣ ውኃ አዝሎ የሚኖርና ሲሞት ተከማችቶ የረግረጉን ጥቁር አፈር የሚሠራው ትንሽ ዕፅ፣ ከዙሪያው የፋብሪካ ከተሞች በመጣ ጥቀርሻና የድኝ ጋዝ ከሰፊ ቦታ ጠፋ። አፈሩ ተራቆተ፣ ጎርፍ ሸነቆጠው፤ እርሳስና ሌሎች ብረቶችም በውስጡ ቀርተዋል። ከ2003 ጀምሮ ሙርስ ፎር ዘ ፊውቸር የተባለው ጥምረት ቦረቦሮቹን እየገደበ ዕፁን መልሶ ይተክላል። የተራቆተ መሬት አይቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ተጓዥ መልሱን የሚያገኘው ከፋብሪካው ታሪክ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ብዙ እግር ራሱ መሬቱን ይጎዳል። ይህ እውነት ነው። በ1965 የተከፈተው ፔናይን ዌይ የተባለው ረጅም የእግር መንገድ በረግረጉ ላይ በተጓዥ ብዛት ተቦርቡሮ ስለነበር ድንጋይ ማንጠፍ ግድ ሆነ። ከተነጠፉት ሰሌዳ ድንጋዮች ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የመጡ ናቸው። ጉዳቱ ቡድኖችን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ከንጣፉ ሳይወጡ፣ ወፎች በሚፈለፍሉባቸው ወራት ውሻቸውን አስረው እንዲሄዱ ለመጠየቅ ግን በቂ ነው። ከንጣፉ አትውጡ የሚል ትእዛዝ ለብቻው የሚያሳምነው ጥቂቱን ነው፤ አፈሩ ለምን እንደተጎዳ፣ የሚረግጠው ድንጋይ ከየት እንደመጣ የተነገረው ተጓዥ ግን ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል።