«የነገረኝ መድኃኒት ቤቱ ነው»



ከጥቂት ሳምንታት በፊት የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ይዘው ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። የልጃገረዶቹ ስም እየተጠራ ሰልፍ ሲያዝ ከጎበዝ ተማሪዎቻችን አንዷ አልተገኘችም። በማግስቱ እናቷ ቢሮ ድረስ መጡና አንገታቸውን ደፍተው፣ «ኡስታዝ፣ አትቀየሙኝ፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። መርፌው መካን ያደርጋል ተብዬ ነው» አሉን። ማን እንዳላቸው ጠየቅን። ጎረቤት ወይም የገበያ ወሬ ቢሉን ባልደነቀን ነበር። እርሳቸው ግን «የነገረኝ መድኃኒት ቤቱ ነው፤ ዶክተሩ» አሉ።

ይህ «ዶክተር» ሐኪም ሳይሆን ፋርማሲስት ነው። በልጅነታችን በአንድ መድረሳ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አብረን የቀራን ወንድማችን ነው። ሰፈሩ ነጭ ጋዋኑን አይቶ ዶክተር አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ካርድ ማውጣትና ወረፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። እርሱ ዘንድ ግን በሩን አልፎ መግባት ብቻ ይበቃል። ልጇን ሌሊቱን ያተኮሰባት እናትም፣ ወገባቸውን የያዛቸው አባትም አስቀድመው የሚጠይቁት እርሱን ነው። ለምክሩም ገንዘብ አይቀበልም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ እርሱ ሄድን። ነገሩን ስናነሳበት ደነገጠ። «መካን ያደርጋል አላልኩም!» አለ። «ላስከትባት ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ብሆን ትንሽ እቆይ ነበር፤ ብዙ ነገር ይወራል ነው ያልኳቸው።» ምን ይወራል ብለው አልጠየቁህም ወይ አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ያው … መካን ያደርጋል የሚሉም አሉ አልኳቸው» አለን።

ውድ አንባብያን! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፋርማሲስቱ «የሚሉም አሉ» ሲል፣ ከባንኮኒው ማዶ የቆመችው እናት የምትሰማው «ዶክተሩ አለ» የሚለውን ነው። እርሱ ጥርጣሬውን ቢናገር እርሷ ፍርድ አድርጋ ይዛው ትሄዳለች። ቤቷ ስትደርስም ለእህቷና ለጎረቤቷ ታካፍለዋለች።

ይህን ነገር የት እንዳነበበው ጠየቅነው። ሞባይሉን አውጥቶ በቴሌግራም የደረሰውን ጽሑፍ አሳየን። ጸሐፊ የለው፣ ቀን የለው፣ የተጠና ነገር የለው። ያን ጊዜ የመድረሳው ኡስታዛችን ትዝ አሉን። አንድ ወሬ ይዘን ስንሄድ «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ሳይሉ አያልፉንም ነበር። «ታዲያ የዚህ ሰነዱ የት አለ?» አልነው። ፈገግ አለና በቅንነት መለሰልን። ስለ ክትባት በኮሌጅ የተማረው ጥቂት ነበር፤ ከተመረቀም ወዲህ አላነበበም። «ክትባት በእኔ እጅ አያልፍም፤ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። እኔ የምሸጠው ለታመመ ሰው ነው» አለ።

ይህን ሰው ለመውቀስ አንቸኩል። በአሜሪካ ፋርማሲስቶች ራሳቸው መርፌውን እንዲወጉ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች ተፈቅዶላቸዋል። የሚወጋ ሰው የሚወጋውን ነገር ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የእኛ ሰፈር ፋርማሲስት ግን በክትባት ጉዳይ ዳር ተመልካች ነው። እጁ ከነገሩ ውጪ ቢሆንም ምላሱ ግን ውጪ አይደለም።

የአንድ ባለሙያ ጥርጣሬ ምን ያህል ይጓዛል? የሚል ካለ በናይጄሪያ የደረሰውን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የካኖ ግዛት የፖሊዮ ጠብታ ሴቶችን መካን ለማድረግ የተዘጋጀ ነው በሚል ክትባቱን አገደች። የተጠራጠሩት ተራ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በዛሪያ የሚገኘው የአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ናሙና ይዘው ህንድ ድረስ ሄደው አስመረመሩና በጠብታው ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኝቷል አሉ። የመድኃኒት ምሁር ሲናገር ሕዝቡ ቢያምን ምን ይደንቃል?

የካኖ ሰዎች ያለ ምክንያት አልሰጉም። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተማቸውን ሲያጠቃ አንድ የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ አዲስ መድኃኒቱን 200 የሚሆኑ ሕፃናት በተካተቱበት ሙከራ ፈትኗል። ቤተሰቦችም በሚገባ ፈቃዳችን አልተጠየቀም ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን መልስ ሊፈለግለት ይገባል። የናይጄሪያ መንግሥት የሃይማኖት መሪዎችና ባለሙያዎች ያሉበትን ቡድን ምርመራውን እንዲያዩ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢንዶኔዢያና ህንድ ላከ። በመጨረሻም ካኖ ከኢንዶኔዢያ የመጣውን ጠብታ ተቀብላ በሐምሌ 2004 ክትባቱን ቀጠለች። ገዥው ኢብራሂም ሸካራውም የገዛ ሴት ልጃቸውን በአደባባይ አስከተቡ።

በመካከሉ ግን 11 ወር ያህል አልፏል። በዚያ ጊዜ ከሰሜን ናይጄሪያ የወጣው ቫይረስ ድንበር እየተሻገረ ሱዳን ገባ። ከሱዳንም ለአራት ዓመት ያህል አንድም የፖሊዮ ሕመምተኛ ወዳልታየባት ወደ አገራችን በ1997 ዓ.ም ተሻገረ። ቀይ ባሕርን አልፎ በየመን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ400 በላይ ልጆችን ሽባ አደረገ። ለካኖ ጠብታውን የሰጠችው ኢንዶኔዢያ እንኳ በዚያው ዓመት ከ300 በላይ ልጆቿ ተያዙባት። ካኖ የተነሳው ወሬ ዕዳውን ያስከፈለው ካኖን ሰምተው የማያውቁ ሕፃናትን ነው።

«ባዕድ ነገር ተገኘ» የሚለውንም ፋርማሲስት ከማንም በላይ ሊመረምረው የሚችለው ነገር ነው። የመድኃኒት ትምህርት መጀመሪያው መጠን ነው። የዛሬ መሣሪያ እጅግ ጥቂት የሆነችን ነገር ያገኛል። የመገኘቷ ወሬ ብቻውን ግን ጉዳት ማድረስ አለማድረሷን አይነግረንም። ስንት ነው? ያ መጠን በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? ሌላ ላቦራቶሪስ ያንኑ አገኘ ወይ? ለአንድ ፍሬ ክኒን ይህን የሚጠይቅ ሰው ለወሬስ ለምን አይጠይቅም?

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ይህ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ተጀመረ። መርፌው የያዘው የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው፤ በሕይወት ያለ ቫይረስ የለበትም፤ መካንም አያደርግም። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ሲሆን 16 እና 18 ተብለው የሚታወቁት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያስከትላሉ። ክትባቱ በይበልጥ የሚጠቅመው ልጅቷ ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ በፊት ነው። ስለዚህ «ትንሽ እቆይ ነበር» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። የመውለድ ተስፋ የሚያጨልመውስ በሽታው ራሱ ነው፤ ሲበረታ ማህፀን እስከ ማስወጣት ያደርሳልና።

«ልጄ ጨዋ ናት፤ ይህ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ጨዋነቷን ማንም አልተጠራጠረም። ይህ ቫይረስ ግን በሐላል ትዳር ውስጥም፣ ባል እንዳለበት ሳያውቅ፣ ወደ ሚስት ይተላለፋል። ልጃችንን የምንጠብቃት ከራሷ ሳይሆን ከበሽታው ነው።

እንግዲህ በየመድኃኒት ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች! በጭፍን አመስግኑ አላልናችሁም። ክንድ ሊያሳምም፣ ሊያተኩስ፣ አንዳንዷንም ራሷን ሊያስታት እንደሚችል ንገሩ፤ ይህን ያልደበቀ ሰው ሌላው ቃሉም ይታመናል። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርሽ» በሉ። ይህ የሚያሳፍር መልስ አይደለም፤ ታላላቅ ዑለማዎቻችንም ይሉት ነበር። የተጠየቀ ሰው አማና አለበት። እናንተም ወላጆች፣ መልስ ሲሰጣችሁ ሰነዱን ጠይቁ።

ወንድማችን ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠየቀ፣ አነበበም። ከዚያ የተማሪያችንን እናት መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ ጠርቶ፣ «ያን ቀን የነገርኩዎትን ሳላጣራ ነው የተናገርኩት፤ ይከተቡላት» አላቸው። እኛ ለሁለት ቀን ስንለምናቸው ያልተቀበሉትን ከእርሱ በአንድ ቃል ተቀበሉ። ልጅቷም ጤና ጣቢያ ሄዳ ተከተበች፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ነገር ግን በዚያው መንደር ሁለት ልጃገረዶች ይህን ስንጽፍ ገና አልተከተቡም። የእነርሱ እናቶች መድኃኒት ቤቱ ሄደው አያውቁም። «መድኃኒት ቤቱ ብሏል» ሲባል ግን ሰምተዋል። ወንድማችን በመጪው ጁሙዓ ከእኛ ጋር ቤታቸው ሊሄድ ቀጠሮ ይዟል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።