ትራክተሩ የማን ነው?

ገበሬ ሞፈሩ ቢሰበርበት ወደ ጫካ ወርዶ፣ ቀና ያለ እንጨት መርጦና ጠርቦ ይተካል። ድግሩ ቢያልቅበት ሌላ ድግር ያበጃል። ማረሻው ቢዶለዱምበት ደግሞ በገበያ ቀን ይዞ ወጥቶ ከቀጥቃጩ ዘንድ ያስቀጠቅጣል፤ ዋጋውንም በገንዘብ ወይም በእህል ከፍሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ይህን ማረሻ ለመነካካት ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ቀጥቃጭም ሆነ ነጋዴ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ማረሻው የእርሱ ነውና።

በሬ ጠምዶ ማረስ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እርፍ የጨበጠ ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ማረሻን ለማወደስ መነሣት ተገቢ አይሆንም። ይሁን እንጂ በቴክኒክ እጅግ ገፍተዋል ከሚባሉት አገሮች በአንደኛው፣ በአሜሪካ፣ ገበሬው ከትራክተር ሠሪ ኩባንያ ጋር የገጠመው ክርክር ከዚችው ከማረሻዋ ነገር የሚነሣ ነው። ስለዚህ ትራክተር ይመጣልኛል ብሎ ለሚጠብቀው ለኢትዮጵያ ገበሬም ቢነገረው አይጠላም። (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ቀጥቃጭ ነው። ጆን ዲር የተባለው የቬርሞንት ተወላጅ በ1836 ወደ ኢሊኖይ ግዛት ተሰዶ የብረት ሥራውን ሲከፍት ያገኘው ችግር፣ ወልካ አፈር የሚያርስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነበር። ጭቃው ከማረሻው ላይ እየተለጠፈ ገበሬውን በየእርምጃው እያስቆመ ያስፍቀዋል። ዲር በ1837 ከአንድ የተሰበረ መጋዝ ብረት ወስዶ፣ ጭቃ የማይዝ ልሙጥ ማረሻ ሠራ። ያ ማረሻ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ ወለደ። ኩባንያውም በ1918 ዋተርሉ የተባለውን የሞተር ፋብሪካ ገዝቶ ወደ ትራክተር ሥራ ገባ፤ ዛሬም በዓለም ላይ የእርሻ መሣሪያ ከሚሠሩት በግንባር ቀደምትነት ይጠራል።

በኢትዮጵያ ቀጥቃጭን «ቡዳ» እያሉ ሲሰድቡና ልጃቸውን ሲነፍጉት የኖሩ ሰዎች፣ ያው ቀጥቃጭ ባበጀው ማረሻ አርሰው ይበሉ እንደነበር የታወቀ ነው። በኢሊኖይ ቀጥቃጩ ተከብሮ ባለጸጋ ሆነ፤ ይህ መልካም ነው። የሚያስገርመው ግን የዚያ የመንደር ቀጥቃጭ ኩባንያ ዞሮ ዞሮ የመንደሩን ጠጋኝ ደጅ የሚዘጋ መሆኑ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ የዛሬው ትራክተር ሞተርና ጎማ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ሙቀት፣ የጭሱን ንጽሕና፣ የዘሩን አጣጣል የሚከታተሉ ኮምፒዩተሮችና ብዙ ሴንሰሮች በውስጡ ተቀብረዋል። አንዲት ሴንሰር ብትበላሽ ወይም ሽቦዋ ቢላላ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ኃይል ሊቀንሰው፣ አልፎም ሊያቆመው ይችላል። ገበሬው ካቻቪቴና ፒንሳውን ይዞ ወጥቶ፣ ቡሎኑን ፈትቶ፣ አዲስ ዕቃ ቢገጥም እንኳ ሥራው አያልቅም፤ አዲሱን ዕቃ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ሙሉው ሶፍትዌር የተሰጠው ለኩባንያው ወኪሎች ብቻ ነበርና። ወኪሉ ሩቅ ነው፤ ወረፋም አለው። የደረሰ እህል ደግሞ ወረፋ አያውቅም። በ2017 የአሜሪካ ገበሬዎች ከዩክሬን የመጣ፣ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር በስውር እየገዙ የገዛ ትራክተራቸውን እንደ ሌባ ተደብቀው እንደሚከፍቱ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከሕግ ፊት የቀረበው በ2015 ነበር። በ1998 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ ፊልምና ሙዚቃ እንዳይሰረቅ ሲል የዲጂታል ቁልፍ መስበርን ይከለክላል። ትራክተርም ሶፍትዌር ስላለው ከፊልም ጋር ተቆጠረ። ገበሬዎችና ጠጋኞች ከዚህ ክልከላ ነፃ እንዲሆኑ ሲጠይቁ፣ ኩባንያው ለቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ የሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነው። ማሽኑን የገዛ ሰው በውስጡ ያለውን ሶፍትዌር አልገዛም፤ ያገኘው ማሽኑ በሕይወት እስካለ ድረስ የማንቀሳቀስ ፈቃድ ነው። ከዚህም ሌላ ቁልፉ ቢከፈት በተሽከርካሪው መዝናኛ በኩል ሙዚቃ ሊሰረቅ ይችላል ሲል ሥጋቱን ገለጸ። ከንጋት እስከ ምሽት አቧራ ሲቅም የሚውለው የኔብራስካ ገበሬ ሞተሩን የሚፈታው ዘፈን ሊሰርቅ ነው ብሎ የጠረጠረው ጠበቃ፣ እርሻ ቦታ ረግጦ የሚያውቅ አይመስልም።

ያ የመጀመሪያው መልስ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ገበሬም ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛ የሚባለው ሰው መሬቱን ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ መሬቱ ግን የባለመሬቱ ነበር። ልዩነቱ ጭሰኛው መሬቱን ገዛሁ ብሎ አያውቅም። የአሜሪካው ገበሬ መሬቱ የራሱ ሆኖ፣ ዋጋው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ የሚችለውን ኮምባይነር ተበድሮ ገዝቶ፣ በገዛው ብረት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ላይ ላሚቱ እበረት ውስጥ ቆማለች፣ ማለብ ግን በፈቃድ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፈቃዱ ተሰጠ። ባለቤቱ ለጥገና ሲል ቁልፉን ቢሰብር ወንጀል እንደማይሆንበት ተወሰነ። ሆኖም የቁልፍ መስበሪያውን ሠርቶ ለሌላ መሸጥ እንደተከለከለ ቀረ። እንግዲህ ገበሬው ቀን ትራክተር እየነዳ፣ ማታ የሶፍትዌር ሊቅ ሆኖ መስበሪያውን በገዛ እጁ ይሥራ ማለት ነው።

«ደስ ካላለው ከሌላ ኩባንያ ይግዛ፤ ገበያው ነፃ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ውድድር የሚሠራው ገበሬው ገንዘቡን በኪሱ እንደያዘ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ሁሉ ይስቅለታል፣ ቡና ይጋብዘዋል። ከፈረመ በኋላ የመለዋወጫውን፣ የምርመራውን፣ የጥገናውን ዋጋ የሚቆርጠው ያው አንዱ ይሆናል፤ ትራክተሩን እንደ ሸሚዝ አውልቆ ሌላ መልበስ አይቻልምና። ሌሎቹ ታላላቅ ሠሪዎችም ቢሆኑ በሶፍትዌር መቆለፉን ጠንቅቀው ተምረውታል። ውድድሩንም ቢሆን የሚጠብቀው ካላገኘ ገና ከሥሩ ይነቀላል። ዲር ኩባንያ በ2015 ፕሪሲዥን ፕላንቲንግ የተባለውን የዘር መዝሪያ ሠሪ ከሞንሳንቶ ሊገዛ ሲስማማ፣ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2016 ከሰሰ። ሁለቱ ቢጠቃለሉ በፍጥነት የሚዘሩ መሣሪያዎችን ገበያ ከመቶ 86 እጅ ያላነሰውን ይይዛሉ ሲል ተከራከረ፤ ሽያጩም በ2017 ቀረ።

ለኩባንያውም ፍትሕ አይነፈገው። ሶፍትዌሩን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። ቁልፉን ከሚሰብሩት መካከል ጭስ ማጣሪያውን ዘግተው የሞተሩን ጉልበት ከልኩ በላይ ለማሳደግ የሚሹ መኖራቸውም እውነት ነው። ለዚህ ግን ጭስን የሚቆጣጠር ሕግ አለ። ጥቂቶች ውኃ ያጠፋሉ ተብሎ የምንጩ መንገድ ለመንደሩ ሁሉ አይዘጋም።

የቁልፉን ጉልበት ዓለም በግልጽ ያየው በ2022 ነው። በሜሊቶፖል ከተማ ከአንድ የዲር ወኪል ግቢ 27 ያህል የእርሻ መሣሪያዎች፣ ግምታቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነ፣ በሩሲያ ወታደሮች ተዘርፈው እስከ ቼችኒያ እንደተወሰዱ ተዘገበ። ዘራፊዎቹ ማሽኖቹን ሊያስነሡ ሲሞክሩ ከሩቅ ተቆልፈው አገኟቸው። ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ተገቢ ነበር። ጥቂት አስተዋዮች ግን ሌባን ከሩቅ የሚያቆም ጣት ባለቤቱንም ሊያቆም እንደሚችል አስተዋሉ።

ተስፋውስ በየጊዜው ሲሰጥ ኖሯል። የመሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር በ2018 ከ2021 ጀምሮ የጥገና መሣሪያዎችን ለገበሬው እናቀርባለን አለ፤ ቀኑ ሲደርስ ቅሬታው አልቆመም። በጥር 2023 ኩባንያው ከአሜሪካ የገበሬዎች ትልቅ ማኅበር ጋር ስምምነት ፈረመ፤ ማኅበሩ በበኩሉ ከስምምነቱ አልፎ የሚሄድ የጥገና መብት ሕግን ላለመደገፍ ቃል ገባ። ይህ ዓይነቱ ስምምነት ለማን እንደጣፈጠ አንባቢ ይፍረድ። የኮሎራዶ ግዛት ግን ስምምነቱን ሳይጠብቅ በዚያው ዓመት ስለ እርሻ መሣሪያ ጥገና ሕግ አውጥቶ፣ ሕጉ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ጸና። በጥር 2025 ደግሞ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ግዛቶች ጋር ሆኖ ኩባንያውን ከሰሰ። ኢሊኖይ ቀጥቃጩ ማረሻውን የሠራባት ግዛት መሆኗን ልብ ይሏል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩባንያው ገበሬው ራሱ ምርመራ የሚያደርግበትን አዲስ ሶፍትዌር ለሽያጭ አቀረበ፤ ዋጋው ለአንድ ማሽን በዓመት 195 ዶላር ነበር። ገበሬው የገዛ ትራክተሩን በሽታ ለማወቅ ዓመታዊ ግብር ይከፍላል ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በ1980ዎቹ ናዝሬት ላይ የተገጣጠሙት የሶቪየት ሥሪት ትራክተሮች ስንት ጊዜ እንደቆሙ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ጭቅጭቁ የመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ነበር እንጂ የፈቃድ አልነበረም። ዕቃው ከተገኘ ሜካኒኩ ፍሪሲዮኑንም ካምቢዮውንም አውርዶ ይሠራዋል፤ ካልተገኘም ከሞተው ማሽን ነቅሎ ለሕያው ይገጥማል። የእርሻ መሣሪያ በ2019 ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከተፈቀደ ወዲህ አዳዲሱ ማሽን መምጣቱ ደግ ነው፤ አርሲና ባሌ ላይ ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያስገመግም ኮምባይነር ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ገበሬ ይናገር። ግን ገዥዎች፣ ዩኒየኖቹም ሆኑ አከራዮቹ፣ ሲዋዋሉ አዘውትረው የሚጠይቁት ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ነው። የምርመራው ሶፍትዌር በማን እጅ ይሆናል? የአገር ውስጥ ጋራዥ ሊከፍተው ይፈቀድለታል? ስህተት ሲያሳይ የሚናገረውን ኮድ የሚፈታው መጽሐፍ አብሮ ይሰጣል? እነዚህ ሦስቱ በውል ላይ በጽሑፍ ካልሰፈሩ፣ ማሽኑ በቆመ ዕለት ወኪሉ የሚጠራው ከኔብራስካ ገበሬ ወኪል ይልቅ እጅግ ከራቀ አገር ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ይሆናል።

የአሜሪካ ገበሬዎች በበኩላቸው ዘዴ አላጡም። በ1978 እና በ1982 መካከል የተሠራው የዲር 4440 ትራክተር ከ40 ዓመት በኋላ በሚኒሶታና በአጎራባች ግዛቶች ጨረታ በጥብቅ ተፈላጊ ሆኗል። ቀለሙ ያው አረንጓዴ፣ ሠሪውም ያው ነው። ኮምፒዩተር ግን የለውም፤ በቁልፍና በመዶሻ ይጠገናል።