«እሺ» ማለት መፍቀድ ነውን?

የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት የሐኪሞች ብቻ ነው የሚል አሳብ በግቢያችን ሥር ሰድዶ ይገኛል፡፡ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነገሩን ስናነሣ የሕክምና ጓደኞቻችን ፈገግ ይላሉ፤ «ደም ስታዩ የምትወድቁ እናንተ ምን አገባችሁ?» ይሉናል፡፡ ደሙ ባያገባን ቃሉ ያገባናል፡፡

በክፍል የሚማሩትን እናውቃለን፤ ማስታወሻቸውን ተውሰን አንብበነዋል፡፡ የበሽተኛውን ፈቃድ ማክበር፥ በጎ ማድረግ፥ አለመጉዳት፥ ፍትሕ፡፡ ቢቻምፕና ቺልድረስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ ያቆሟቸው አራት ምሰሶዎች ናቸው፡፡ መልካም ምሰሶዎች ናቸው፤ በአንድ ሌሊትም ተሸምድደው ለፈተና ይቀርባሉ፡፡ ነገር ግን የመጀመሪያው ምሰሶ የቆመው በንግግር ላይ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ነው፡፡

እስቲ «እሺ» የምትለውን ቃላችንን እንመርምራት፡፡ ከገጠር የመጣች እናት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ከነተማሪዎቹ ከብቧት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ በመጨረሻም በአማርኛ ሁለት ቃል ተናግሮ ወረቀት ያቀርብላታል፡፡ «እሺ ጌታዬ» ትላለች፤ አውራ ጣቷንም ታትማለች፡፡ ይህች «እሺ» ምንድን ናት? መፍቀድ ልትሆን ትችላለች፤ አክብሮትም፥ ይሉኝታም፥ ፍርሃትም ልትሆን ትችላለች፡፡ ሽማግሌ ሲቆጣን እሺ እንላለን፤ ወደማንሄድበት ግብዣ ስንጠራም እሺ እንላለን፡፡ መዝገቡ ግን ሁሉንም «ተስማምታለች» ብሎ ይጽፋል፡፡ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ካልሆነማ ነገሩ ይብሳል፡፡ ከመካከላችን ዘመድ ሲያስታምም ያልዋለ የለምና፥ ይህን ለማወቅ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልገንም፡፡

ቃል ሰውን ለሞት አሳልፎ እንደሚሰጥ በአሜሪካ፥ አላባማ ውስጥ፥ በቱስኪጊ ታይቷል፡፡ ከ1932 ጀምሮ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት የቂጥኝን አካሄድ ለመከታተል ሲል ቂጥኝ ያለባቸውን 399፥ የሌለባቸውን 201 ጥቁር ወንዶች መዝግቦ ያዘ፡፡ የተነገራቸው «መጥፎ ደም» እንዳለባቸውና እንደሚታከሙ ነበር እንጂ ስለ ቂጥኝ አልነበረም፡፡ ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ በ1940ዎቹ ከታወቀ በኋላ እንኳ ተነፈጉ፡፡ የናዚ ሐኪሞች በተፈረደባቸው በኑረምበርግ በ1947 የተጻፈው፥ ያለ ፈቃድ በሰው ላይ ሙከራ አይደረግ የሚለው ደንብም አላዳናቸውም፡፡ በ1966 ነገሩን በጽሑፍ የተቃወመው ፒተር በክስተን ሐኪም አልነበረም፤ ሥራው የአባለ ዘር በሽተኞችን ማነጋገር ነበር፡፡ አለቆቹ ቢያሳፍሩት ለጋዜጠኛ ነገረ፤ በ1972 ጉዱ ታትሞ ወጣ፤ ሙከራውም በዚያው ዓመት ቆመ፡፡ ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ ለፈተና ያጠኑታል፤ ተቃዋሚው ምን ሠራተኛ እንደ ነበር ሲጠየቁ ግን አልሰማንም፡፡

በአገራችን ደግሞ የተሻለ ነገር ተሠርቷል፡፡ ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፥ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፥ ነገር ግን በአንዳንድ ቤተ ሰብ የሚበረታ በሽታ ነው፡፡ በወላይታ የዝሆኔን የዘር ጥናት ለማካሄድ ያሰቡ ተመራማሪዎች ወረቀት ከማስፈረማቸው በፊት፥ ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ያገኙትንም በ2009 አሳተሙ፡፡ ከታዩት ሥጋቶች አንዱ፥ በሽታው በዘር ይወርዳል ሲባል ቤተ ሰቡ ሁሉ እንዳይገለል ነበር፡፡ «ዘር» የምትባለው ቃል በላቦራቶሪ ሌላ፥ በመንደር ሌላ ናት፡፡ ይህን ልዩነት ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል፤ እኛም በፋኩልቲያችን የምንደክመው ለዚሁ ነው፡፡

ስለዚህ የቋንቋ፥ የፍልስፍናና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች የሕክምና ሥነ ምግባርን ከሐኪም ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል እንዲማሩ እንጠይቃለን፡፡ የፈቃድ ወረቀቶችም ሕዝቡ በሚናገርባቸው ቋንቋዎች አብረን እንጻፋቸው፤ በሽተኛውም ከማተሙ በፊት የሰማውን በራሱ አፍ ይድገመው፡፡ ሰልፉ ረጅም ነው፥ ሐኪሙ ጊዜ የለውም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፡፡ ግን «ምን ብዬ ነገርኩህ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባው አንሥቶ ለሁለቱም ፋኩልቲዎች ዲኖች እንዲያቀርብልን እናሳስባለን፡፡ ፈገግ የሚሉት ጓደኞቻችንም መጥተው ይከራከሩን፡፡