የሽሉ መንገድና የእኛ ፍርድ

የዛሬው ሐሳባችን ከቤተ ሙከራ አይጥ ይጀምራል። ከቃሉ ጋር ምን አገናኘው ሳትሉ በትዕግሥት ተከተሉን።

በአይጥ የዳበረው እንቁላል ቀጭንና ጥምዝምዝ በሆነው የማህፀን ቱቦ ውስጥ 3 ቀን ያህል ይቆያል። በመንገድ ላይ አንዱ ሴል ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ሽሉ በራሱ ኃይል አይሄድም። የቱቦው ጡንቻ እየተኮማተረና እየላላ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ያሉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላትም እየተወዛወዙ ያንቀሳቅሱታል። ጉዞው እንደ ወንዝ ወደ ፊት ብቻ የሚፈስ ይመስላል። ተመራማሪዎች በሕይወት ባለች አይጥ ውስጥ ሲመለከቱት ግን ሽሎቹ ተገፍተው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ተስበው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ እንዲህ እያሉ ወደ ማህፀን ይደርሳሉ።

ከዚህ “ወደ ኋላ ብትመለስም ትደርሳለህ” የሚል ስብከት ማውጣት ቀላል ነው። እኛ ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻልንም፤ የማይደርስም አለና። በአይጥ እጅግ ብርቅ የሆነው ነገር በሴቶች ላይ ይደርሳል፦ ሽሉ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ እዚያው ያድጋል። ቱቦው ከተቀደደ እናቲቱ ደም ፈሷት ልትሞት ትችላለች።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ እርግዝና ቱቦዋን በቀዶ ሕክምና ያጣች እህት ነበረችን። ልናጽናናት በሄድንበት ቤት አንድ ጸሎተኛ “የተሰወረ ኃጢአት ካለ ተናዘዢ” አላት። እኛም መጋቢዎቿ ሆነን ዝም አልን። ያ ዝምታ ዛሬም ይወቅሰናል።

ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ማን ኃጢአት እንደሠራ ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ቀድሞ በደረሰ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ቱቦው ጠባሳ ሲይዝ አደጋው ይጨምራል፤ በብዙ ሴቶች ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። ሐኪም በመሣሪያ እየተመለከተ ያላወቀውን እኛ ከወንበራችን ላይ ሆነን “የእምነት ማነስ ነው” ማለታችን መንፈሳዊነት አይደለም፤ ድፍረት ነው።

ሕክምናውን እንደ ግድያ የሚቆጥሩም አሉ። ነገር ግን ሽሉን ከቱቦው አንሥቶ ማህፀን ውስጥ ተክሎ የሚያሳድግ ሐኪም የለም። እናቲቱን ማዳን ሕይወትን ማክበር ነው።

ስለዚህ እህቶቻችን ሆይ፣ የወር አበባ ቀርቶባችሁ በታችኛው ሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ቢያጋጥማችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጸሎት በመንገድ ላይም ይሰማል። ወገኖች ደግሞ ያዘነችውን ስትጎበኙ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብራችኋት አልቅሱ፤ ምክንያት ግን ይዛችሁ አትሂዱ።

ያን ጠባብ መንገድ የሠራው ጌታ፣ በመንገድ የቀረውንም ያውቃል፤ እናቲቱንም አይረሳም። ጌታ ይባርካችሁ።