ሪባን የማይቆረጥለት ኮሪደር

አዲስ አበባ ውስጥ «ኮሪደር» ሲባል ሁላችንም የምናስበው በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የኮሪደር ልማት ነው፦ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የተከረከመ ሳር። እኔ ዛሬ የማነሳው ሪባን የማይቆረጥለትን ሌላ ኮሪደር ነው፤ በውሃ ቱቦ ላይና በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር ክፍት ሆኖ የሚቀረውን መሬት።

ከአስኮ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ ስትሄዱ ገፈርሳ ትደርሳላችሁ። ግድቡ በ1930ዎቹ የተሠራ ነው፤ የከተማችን ምዕራባዊ ክፍል ዛሬም ውሃውን ይጠጣል። እዚያው አካባቢ ከፊንጫ በጌዶ በኩል የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር የሚያርፍበት ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። ውሃውም መብራቱም ወደ እኛ የሚመጡት መሬት ይዘው ነው። በዚያ መሬት ላይ ቤት አይሠራም። ትልቅ ዛፍም አይተከልም፤ ሥሩ ቱቦ ይሰብራል፣ ቅርንጫፉ ሽቦ ይነካል።

ታዲያ ቦታው ምን ይሆናል? አንዱ ጋ ቆሻሻ ይደፋበታል፣ አንዱ ጋ ሌሊት አጥር ይበቅልበታል፣ ሌላው ጋ «ጽዳት» ተብሎ እስከ ሥሩ ይመነጠራል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ እናብብበት።

ችግኝ እንትከል ማለቴ አይደለም። ዘሩ አፈሩ ውስጥ አለ። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ፣ መጭና ማገጥ ማንም ሳይዘራቸው ይበቅላሉ። ንብ የዓመት ስንቋን የምትይዘው በዚህ ጊዜ ነው፤ የኅዳር ማር የመስከረምና የጥቅምት አበባ ነው። ጉዳዩ የማር ብቻም አይደለም። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይቋጥርም ማለት ይቻላል፤ ከአበባ አበባ የምታዳርስለት ንብ ናት። ባቄላውም ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ይይዛል። የተከረከመ ሳር ለዓይን ያምራል፤ ለንብ ግን ባዶ ማዕድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የማጭድ ቀን ነው። በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ያጨደ የዓመቱን አበባ አጠፋ። ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ ያጨደ ግን ድርቆሽ ያገኛል፣ የበጋ እሳትን ይከላከላል፣ የከርሞውንም አበባ አይነካም።

ይህ የህልም ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። መነሻው መስመሩን ለማጽዳት የሚረጨው መድኃኒት ለአራዊቱ ያሰጋል ያሉ አዳኞች ቅሬታ ነበር። ረጃጅሙን ዛፍ እየለዩ አስወግደው ቁጥቋጦውንና አበባውን ሲተዉት ወፉም ንቡም በረከተ። የለመለመው ቁጥቋጦ ራሱ አዲስ ዛፍ እንዳይበቅል ስለሚያፍን የምንጠራው ድካምም ቀነሰ።

«ሌባ ይደበቅበታል፣ እባብ ይገባበታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ አስኮ ውስጥ ሲመሽ በእግሩ የሚገባ ሰው ያውቀዋል። መልሱ ግን ሁሉን መመንጠር አይደለም። መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል ሁለት ሦስት ሜትር ዓመቱን ሙሉ አጭር ይሁን፤ ቱቦ የሚፈትሽ ሠራተኛም መሄጃ ይኑረው። የቀረው ያብብ። ቀፎ በየሰፈሩ ይቀመጥ አላልኩም፤ የእኛ ንብ ቁጡ ናት፣ ቀፎው ከመንደር ርቆ ይሁን። እሷ ለቀሰም ሩቅ ትበራለች፤ አዲስ አበባ የት አልቆ ሸገር ከተማ የት እንደሚጀምርም አትጠይቅም። እኛ ግን የሁለቱን አስተዳደሮች፣ የውሃውንና የመብራቱን መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይኖርብናል። የትኛው ተክል ለንብ እንደሚበጅ የሚነግራቸው የንብ ምርምር ማዕከልም በዚሁ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ሆለታ አለ።

በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ከመንገድ ዳር በገንዘብ እንገዛለን። ከቤታችን ጀርባ በነፃ የሚበቅለውን ግን እናጭዳለን። የምጠይቀው በጀት አይደለም፤ ማጭዱ ሦስት ወር ይቆይ ነው።