ሐዲሱን የጠርሙስ ማስታወቂያ አታድርጉት



በየመስጂዱ በር፣ በየቴሌግራም ቻናሉ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሸጣል። «ለጭርት፣ ለቁስል፣ ለብጉር፣ ለሁሉም» ይላሉ። ከዋጋው በላይ ሐዲስ ተለጥፏል። ማስረጃ የጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ሐዲስ ትጠራጠራለህ እንዴ?»

አይ ወንድሜ! ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሶሒሕ ነው፤ አምነን ተቀብለናል። የምንጠራጠረው አንተን ነው። ኢማም አል-ኸጧቢይ ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የተፈለገበት ግን የተወሰነ እንደሆነ አስረድተዋል። ስንት ጠብታ፣ ለየትኛው ቁስል፣ ለስንት ቀን የሚለውን የጨመርከው አንተ ነህ።

ሳይንሱስ? በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኩዊኖን በላብራቶሪ ቆዳን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን ይገታል። አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል። ግን የላብራቶሪ ሳህን የሰው ቆዳ አይደለም። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው።

የዕፅዋት ዘይት በሐቅ ሊመዘን ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ የቲ ትሪ ዘይት የእግር ፈንገስ ባለባቸው 158 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 50 በመቶ ዘይት ያለበትን ከተቀቡት ከመቶ 64ቱ ዳኑ፤ ዘይት የሌለበትን ከተቀቡት ደግሞ 31ዱ። ጥቂቶችን ግን ዘይቱ ቆዳቸውን አስቆጥቷቸዋል። ጥቅሙም ጉዳቱም ተቆጥሮ ተነገረ። አማና ማለት ይህ ነው።

የእኛ ሻጭ ግን የራስ ጭርት ለያዘው ልጅ ጠርሙስ ይሰጣል። የራስ ጭርት ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። መንካት የማይሰማው ነጣ ያለ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ከዘገየ ግን ነርቭ ይጎዳል። እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያተኩስ፣ ትኩሳት ያለው እብጠትም ሐኪም እንጂ ዘይት አይጠብቅም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሆነም በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ጠርሙስ ላይ የለጠፈ ሻጭ አይታችኋል?

ወጣቶች ሆይ! ጥቁር አዝሙድ ብሉ፣ ተጠቀሙ፤ በረካው ከአላህ ነው። ሻጩን ግን «ይህን በሽታ እንደሚያድን በምን አወቅህ?» በሉት። መልስ ካጣ ገንዘባችሁን ያዙና ታማሚያችሁን ጤና ጣቢያ ውሰዱ። በአላህ መመካት ከሐኪም መሸሽ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።